ኩሽኔታው ሳይሰበር ይለወጥ ወይስ ይጠበቅ?

ከአዲስ አበባ ተነሥተው በአዋሽና በሚሌ አድርገው ወደ ጅቡቲ ወደብ በሚመላለሱት የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር መንገደኛ በሚያጓጕዙት የአውቶቡስ ባለንብረቶችና እነርሱን በሚያገለግሉት መካኒኮች መካከል ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም የጎማ ኩሽኔታ ገና ሳይጮኽና ሳይላላ ኪሎ ሜትሩ ተቈጥሮ ይለወጥ፣ ወይስ ሕመሙን በራሱ ምልክት እስኪገልጥ ድረስ ይቈይ የሚለው ነው። አንደኛው ወገን ጤነኛ ዕቃ መንካት ገንዘብ ማባከን ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ በረሓ መካከል ጎማ ወልቆ የሰው ነፍስ ከሚጠፋ የኩሽኔታ ዋጋ ስንት ነው ብሎ ይመልስለታል።

የክርክሩ ሥር ያለው በብረቱ ጠባይ ውስጥ ነው። በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል በግራሶ ተነክረው የሚሽከረከሩት ኳሶች ወይም ሾጣጣ ብረቶች የመኪናውን፣ የጭነቱንና የተሳፋሪውን ክብደት ሁሉ የሚሸከሙት ከቀለበቱ ጋራ በሚነካኩባት እጅግ ጠባብ ስፍራ ነው። ክብደቱ በየዙሩ ሲመጣና ሲሄድ ብረቱ ከገጹ በታች፣ ዓይን በማያየው ስፍራ ይደክማል፤ በዚያም ሥውር ስንጥቅ ይፈጠራል፤ ስንጥቁ ወደ ላይ ወጥቶ ቅርፊት ያነሣ እንደ ሆነ፣ የተነሣው ፍርፋሪ ከግራሶው ጋራ ተለውሶ ደኅናውን ክፍል መፋቅ ይጀምራል። የበጋ አቧራና የክረምት ጎርፍ በላስቲኩ መከለያ ሾልከው ሲገቡ ደግሞ ጥፋቱ የብረቱን ድካም እንኳ አይጠብቅም።

ስዊድናውያኑ ሊቃውንት ጉስታፍ ሉንድበርግና አርቪድ ፓልምግሬን እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት ጥናት ይህን የብረት ድካም በቀመር አስቀምጠውታል። ፋብሪካዎች የኩሽኔታ ዕድሜ ብለው የሚሰጡት ቍጥር ከመቶው 90ው ሳይሰበር የሚደርስበት ልክ ነው እንጂ የእያንዳንዱ ኩሽኔታ ዕድሜ አይደለም፤ 10ሩ ከዚያ በፊት ይወድቃሉ፣ ብዙዎቹም ከዚያ ብዙ እጥፍ ያገለግላሉ። በዚያው ቀመር መሠረት ሸክሙ በእጥፍ ሲጨምር የባለ ኳስ ኩሽኔታ ዕድሜ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። እንግዲህ በልኩ ለሚጭን ሰው የሚበጀው የኪሎ ሜትር ገደብ፣ ከልክ በላይ ለሚጭነው ጎረቤቱ እጅግ የዘገየ መሆኑ ግልጽ ነው።

አስቀድሞ መለወጥ ሁልጊዜ ደኅንነት ነው የሚለውንም እምነት የአውሮፕላን ጠጋኞች ፈትነውታል። የዩናይትድ ኤርላይንስ ሰዎች የነበሩት ስታንሊ ናውላንና ሃዋርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ1978 ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ባቀረቡት ዘገባ፣ ከተመረመሩት የአውሮፕላን ዕቃዎች መካከል የዕድሜ ገደብ ሊጠቅማቸው የሚችለው ከመቶ 11 ብቻ እንደ ሆነና ብዙዎቹም ይበልጥ የሚወድቁት በአዲስነታቸው ወራት እንደ ሆነ አሳይተዋል። ምክንያቱን ለማየት ከጋራዥ ደጃፍ መቆም ይበቃል፤ አዲሱን ኩሽኔታ ወደ ቤቱ ለማስገባት ውስጠኛው ቀለበት በመዶሻ ሲመታ፣ ምቱ በኳሶቹ አልፎ እንደ መስተዋት ለስላሳ በሆነው መሮጫቸው ላይ ጥቃቅን ጕድጓዶች ይቀርጻል፤ ባለመኪናውም በጤነኛ ፈንታ የታመመ ገዝቶ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ግን ጠባቂውን ወገን ነጻ አያወጣውም። ጥር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌሊት በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ኢስት ፓለስታይን በምትባል ትንሽ ከተማ የደረሰው የባቡር አደጋ የዚህ ምስክር ነው። የኖርፎክ ሳውዘርን ዕቃ ጫኝ ባቡር አንድ ኩሽኔታ በሐዲዱ ዳር በተተከሉ ሙቀት ለካኞች ፊት ሲያልፍ፣ በመጀመሪያው ከአየሩ ሙቀት በላይ 21፣ በሁለተኛው 57፣ በሦስተኛው 141 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ልክ ባቡሩን ከሚያስቆመው ወሰን በታች ነበር፤ ከእርሱ እስከ ሦስተኛው መለኪያ ያለውም ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ሦስተኛው ሲያስጠነቅቅና ባቡር ነጂዎቹ ፍሬን ሲይዙ ነገሩ አብቅቶ ስለ ነበር 38 ፉርጎዎች ከሐዲድ ወጡ፤ መርዛም ኬሚካል የጫኑትም በእሳት ተያያዙ፤ ሕዝቡም ቤቱን ጥሎ ወጣ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ የአደጋው መነሻ ያ አንድ ኩሽኔታ መሆኑን አረጋግጧል። ምልክቱ ታይቶ ነበር፤ በምርመራና በምርመራ መካከል ያለው ርቀት ግን ከብረቱ የሞት ፍጥነት ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው። ድምፅ የሌለውንና ያልላላውን ኩሽኔታ በኪሎ ሜትር ብቻ አትንኩት፤ ነገር ግን መርምሩት፣ ምርመራውንም አታራርቁት። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይወዝወዝ፤ ቢንቀሳቀስ ምክንያቱ ይፈለግ። አንድ እጅ በሱስታው ላይ አርፎ ሌላው ጎማውን ያዙር፤ መሮጫው የተበላ እንደ ሆነ ሻካራነቱ በእጅ መዳፍ ይታወቃል። በጉዞ ላይ የሚሰማው ጕርምርምታ ወደ ግራ ሲታጠፉ ከበረታ፣ ሸክሙ ወደ ቀኝ ስለሚያደላ የቀኙ ጎማ ይጠርጠር። ሊፈታ የሚችለው ባለ ሾጣጣ ኩሽኔታ ፍሬኑ በሚታደስበት ጊዜ ታጥቦ ይታይ፣ አዲስ ግራሶም ይሞላ፤ ውሃ የገባበት ግን ሳይጮኽም ይለወጥ። ምልክት ከታየ በኋላ ደግሞ እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሰኛል ማለት የለም።

ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ፣ በየዕለቱ መንገደኛ ለሚጭን መኪና እጅግ የተራራቀ ነው። የአውቶቡስና የጭነት መኪና ማኅበራት ለየመኪናው መዝገብ ከፍተው፣ ከረጅም ጉዞ በፊትና ክረምት ሲወጣ እያንዳንዱ ጎማ ተነሥቶ መመርመሩን የመረመረው መካኒክ እንዲፈርምበት ያደርጉ ዘንድ አጥብቄ እለምናቸዋለሁ።