ሸክላና ቆዳ ሲናገሩ

ነጋሪት ሲባል በእኛ ዘንድ አዋጅ ይታሰባል፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው የሕግ ጋዜጣም የተጠራው በስሙ ነው። በመካከለኛው እስያ፣ በኡዝቤኮችና በታጂኮች አገር፣ የዚህ ዓይነቱ ከበሮ «ናጎራ» ይባላል። የሁለቱ ስሞች ድምፅ ቢቀራረብም ምንጫቸው ለየቅል ነው። የእኛው «ነገረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ሲወጣ፣ የእነርሱ «መታ» የሚል ትርጉም ካለው ከዐረብኛው «ነቀረ» የመጣ ነው። አንዱ ከመናገር፣ ሌላው ከመመታት ተሰየመ ማለት ነው።

የናጎራ ሥራ የሚጀመረው ከሸክላ ሠሪው ቤት ነው። ሠሪው አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ የሆነ ድስት መሳይ ዕቃ አበጅቶ በእሳት ይተኩሰዋል። ከዚያም የፍየል ወይም የጥጃ ቆዳ በውኃ ርሶ በአፉ ላይ ይለበጣል፤ ጠፍሩም እንደ መረብ በገላው ዙሪያ እየተጠላለፈ ከሥር ይታሰራል። ቆዳው ሲደርቅ ይኰማተራል፤ በመኰማተሩም ይወጠራል። ማጥበቂያ ብሎን የለውምና፣ ድምፁ ሲላላ መቺው ከፀሐይ ወይም ከእሳት አጠገብ አሙቆ ይመልሰዋል። እርጥበት የናጎራ ጠላት የሆነውም ስለዚህ ነው።

መንታ መሆኑስ ለምንድን ነው? ትልቁ ወፍራም፣ ትንሹ ቀጭን ድምፅ ስለሚሰጥ፣ አንድ መቺ በሁለት በትር እያፈራረቀ ሲመታቸው ጥያቄና መልስ ይመስላሉ። ጥንዱ «ቆሽ ናጎራ» ይባላል፤ «ቆሽ» በኡዝቤክኛ ጥንድ ማለት ነው። ወደ ምሥራቅ በኡይጉሮች ዘንድ ደግሞ ገላው ከብረት የተሠራ ጥንድ ይገኛል።

በቡኻራ ከተማ፣ አርክ በሚባለው ምሽግ በር ላይ፣ የሙዚቀኞች ሰገነት አለ፤ ስሙም ናጎራኻና፣ የናጎራ ቤት ማለት ነው። ከዚያ የሚወርደው ምት የአሚሩን ክብር ያሰማ ነበር። በ1912 ዓ.ም. ቀይ ጦር ከተማዪቱን ሲይዝ አሚሩ ሸሸ። ናጎራ ግን ከጌታው ጋር አልተሰደደም፤ ዛሬም በሠርግና በበዓል፣ ከሱርናይና ካርናይ ከሚባለው ረጅም የናስ መለከት ጋር ይመታል። የቤተ መንግሥት ብቻ ስላልነበረ፣ ቤተ መንግሥት ሲወድቅ አብሮ አልወደቀም።

ከዚህ የምንማረው አለ። ከበሮን በሙዚየም ማኖር ቀላል ነው፤ ድምፁን የሚያኖረው ግን ሸክላውን የሚተኩስ፣ ቆዳውን አርሶ የሚወጥር እጅ ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን ነጋሪትን የምናውቀው በጋዜጣ ስም ነው። እንግዲህ ወጣት አንባቢዎች ሆይ፣ ነጋሪት ባያችሁ ጊዜ፣ የማን ነበረ ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ከምን ተሠራ፣ ዛሬስ ማን ሊሠራው ይችላል ብላችሁ ጠይቁ።