መጽሐፍ ያልገባው ጸሎት፦ ቤተ እስራኤል በፋሲካ ዋዜማ

በጎንደር ዙሪያና በሰሜን ተራሮች በነበሩት የቤተ እስራኤል መንደሮች የፋሲካ ዝግጅት ቤቱን የሚለውጠው ከበዓሉ ሦስት ቀን አስቀድሞ ነበር። እንጀራ ይቀራል፤ ጠላም እንዲሁ። ሆድ ራሱ ከእርሾ እንዲጠራ እስከ በዓሉ ድረስ የሚበላው የተቆላ እህልና ጥራጥሬ ነው። ልብስ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ቤት ይጠረጋል፣ ለቂጣው የሚሆነው እህል እየተለቀመ ለብቻው ይፈጫል። ፋሲካ ስል የክርስቲያኑን የትንሣኤ በዓል ማለቴ አይደለም። እስራኤላውያን ከግብፅ ባርነት የወጡበትን፣ ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 12 ያዘዘውን፣ በመጀመሪያው ወር በ14ኛው ቀን አመሻሽ ላይ የሚገባውን በዓል ነው። ውጭ አገር ያደጋችሁ ልጆች ፔሳሕ ሲባል የሰማችሁት ያው እሱ ነው።

ስለ በጉ፣ ስለ ቂጣውና ስለ አዲሱ ሸክላ ብዙዎች ጽፈዋል። በእነዚያ ቀናት ከምጣዱ አጠገብ፣ ከወንዝ ዳር፣ ከወፍጮው ላይ ስለሚነሳው ጸሎት ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ቄስ የማይመራው፣ ከመጽሐፍ የማይነበብ፣ አንድ ሰው በገዛ አፉ ለፈጣሪው የሚናገረው ጸሎት ማለቴ ነው። ከአያቶቻችሁ የወረሳችሁት ነገር ካለ አብዛኛው እዚያ ውስጥ እንዳለ አምናለሁ። ይህን የምጽፈውም ግዕዝ ስለማትችሉ ወይም ዕብራይስጥ ስለሚከብዳችሁ ከጸሎቱ ድርሻ የሌላችሁ እንዳይመስላችሁ ነው።

በመጀመሪያ ሥርዓት ያለውን እንየው። የቤተ እስራኤል የጋራ ጸሎት የቄሶቹ ነበር። ከእነሱም በፊት የመነኮሳቱ ነበር፤ በኅብረተሰቡ ትውፊት ምንኩስናን የመሠረቱት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት አባ ሳብራ ናቸው። ጸሎት ቤቱን መስጊድ ይሉታል፤ ከሙስሊሞቹ ጋር አታምታቱት። ፊት ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ ይቆማል። የጸሎቱ ቋንቋ ግዕዝ ሲሆን በመካከሉ የአገው ቃላትና ስንኞች አሉበት፤ ሕዝቡ አገውኛውን ትቶ አማርኛና ትግርኛ ከተናገረ በኋላም ቄሶቹ እነዚያን ስንኞች አልጣሉም። አብዛኛው በቃል የተያዘ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በዜማ የተላለፈ ነው። ዮሴፍ ሃሌቪ በ1867 እ.ኤ.አ. ወደ አካባቢው መጥቶ በ1877 የቤተ እስራኤልን ጸሎቶች በፓሪስ አሳተመ። ቮልፍ ሌስላው በ1951 ጽሑፎቻቸውን ሰብስቦ በእንግሊዝኛ አወጣ። ኬይ ካውፍማን ሸለመይ ደግሞ በ1973 አምቦበር መንደር ድረስ ሄዳ ዜማውን ቀረጸች። ሦስቱም ትልቅ ውለታ ውለውልናል። የሰበሰቡት ግን በዋናነት የቄሱን፣ የመነኩሴውንና የደብተራውን ድምፅ ነው። ምእመኑ ከውጭ ቆሞ አሜን የሚል፣ ሃሌ ሉያ የሚል ነበር፤ ሴቶች ደግሞ ከእሱም ራቅ ብለው ለብቻቸው ይቆማሉ። ታዲያ ግዕዙ የማይገባት፣ አገውኛውም የጠፋባት እናት በልቧ ያለውን በየትኛው ቋንቋ ትናገር ነበር? በአማርኛ ነዋ፤ ትግራይ ከሆነች በትግርኛ።

የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ሠሪዎች እንደነበሩ ታውቁ ይሆናል። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ እስከ ዛሬ የምትታወቀው በዚያ ሥራ ነው። ለፋሲካ እርሾ የነካው አሮጌ ዕቃ ይሰበራል፣ በአዲስ ይተካል። ዛሬ ለበዓል አዲስ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ከውጭ የገባ ሸቀጥ ወደሚሸጥበት ገበያ ጎራ ይላል። የወለቃዋ እናት ግን አፈሩን ቆፍራ፣ አቡክታ፣ በእጇ ቅርጽ ሰጥታ፣ በእሳት ተኩሳ ነው በዓሉን የምትቀበለው። ሸክላ እሳት ላይ ሊሰነጠቅ ይችላልና ሠሪዋ ፈጣሪዋን ሳትለምን አትቀመጥም። እንዲህ ዓይነቱ ልመና አጭር ነው፤ ስለ ገንቦው ተጀምሮ ስለታመመው ልጅ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሄደው ወንድም ሆኖ ያልቃል። ማንም አልጻፈውም። እሷ ራሷም ብትጠየቅ ጸሎት አደረስኩ ላትል ትችላለች።

ከሁሉ ይልቅ የምታሳስበኝ ግን የመርገም ጎጆ ውስጥ ያለችው ናት። በቤተ እስራኤል ሕግ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ለሰባት ቀን ከመንደሩ ዳር ባለ፣ በድንጋይ በታጠረ ጎጆ ትቆያለች፤ ምግብ ከአጥሩ ወዲህ ይቀመጥላታል፤ ስትጨርስ ወንዝ ወርዳ ትነከርና ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ትገባለች። ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ትጠብቃለች፤ ይህ ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የተወሰደ ነው። ፋሲካ የሴትን ቀን ጠብቆ አይመጣም። በጉ በጸሎት ቤቱ ግቢ ሲታረድ፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሲበላ፣ በዳርቻው ጎጆ ያለችው ሴት የቄሱን ዜማ ብትሰማ በሩቁ ነው። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 9 በመጀመሪያው ወር በርኵሰት ምክንያት ፋሲካን ማድረግ ላልቻለ ሰው በሁለተኛው ወር በ14ኛው ቀን ሌላ ፋሲካ ሰጥቷል። ያ ሕግ የተገኘው ደግሞ ጥቂት ሰዎች ሙሴ ፊት ቀርበው እኛ ለምን እንከለከላለን ብለው በመጠየቃቸው ነው። ከራሱ ችግር ተነስቶ የተናገረ ሰው ልመና በኦሪት ውስጥ ሕግ ሆኗል። ስለ ጎጆው የምታስቡት ምንም ይሁን፣ እኔም የራሴ ሐሳብ አለኝ፣ እዚያ ውስጥ ሆና ያለ ቄስና ያለ ጉባኤ የጸለየችውን ሴት ከታሪኩ አታውጧት።

የቀረው የአይሁድ ዓለምም ከዚህ የራቀ አይደለም። የፋሲካ ታሪክ ራሱ የሚነሳው ከጩኸት ነው። ዘጸአት ምዕራፍ 2 እስራኤላውያን ከባርነት የተነሳ አቃሰቱ፣ ጮኹ፣ ጩኸታቸውም ወደ እግዚአብሔር ወጣ ይላል። ምን ብለው እንደጸለዩ አይነግረንም፤ ቃል ስለመናገራቸውም አይነግረንም። ሙሴ እህቱ ማርያም በለምጽ በተመታች ጊዜ የጸለየው ጸሎት በዕብራይስጡ አምስት ቃል ብቻ ነው። የሳሙኤል እናት ሐና በሴሎ ልጅ ስትለምን ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ተቆጣት። የታልሙድ ሊቃውንት ግን ሰው እንዴት መጸለይ እንዳለበት የተማሩት ከካህኑ ሳይሆን ከእሷ ነው፤ በልብ መጸለይን፣ በከንፈር መናገርን፣ ድምፅ አለማሰማትን ከዚያ ታሪክ አውጥተው ደነገጉ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በታልሙድ ዘመን ቆመው የሚጸልዩት ጸሎት ሲያበቃ እያንዳንዱ ሰው በግንባሩ ተደፍቶ የራሱን ጉዳይ በራሱ ቃል ለፈጣሪው የሚያቀርብበት ጊዜ ነበረው። በኋላ ያ ጊዜም በጽሑፍ ተሞላና ታሐኑን የሚባለው ቋሚ ልመና ሆነ። ያንን ልመና ደግሞ በፋሲካ ወር፣ በኒሳን፣ ከወሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አይሉትም፤ ወሩ የደስታ ስለሆነ። የተጻፈው ልመና ዝም የሚልበት ወር መሆኑ ነው። የእናቶች ልመና ዝም አላለም። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ሴቶች በዪዲሽ ቋንቋ ለሻማው፣ ለሊጡ፣ ለወሊዱ የሚጸልዩት የራሳቸው ልመና ነበራቸው። በዩክሬን ምድር የኖረው የብሬስሎቩ ራቢ ናሕማን፣ ከ1772 እስከ 1810 እ.ኤ.አ.፣ ተማሪዎቹን በየቀኑ ለብቻቸው ሆነው፣ ቢቻል ወደ ሜዳ ወጥተው፣ በእናታቸው ቋንቋ ለፈጣሪ እንዲናገሩ አስተምሯል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰው ልቡ የሚከፈትለት በለመደው ቋንቋ ነው። ከበግ ጀርባ ሆኖ ከፈጣሪው ጋር በአማርኛ ሲነጋገር ላደገ የሰሜን እረኛ ይህ አዲስ ትምህርት አይሆንም ነበር።

በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ሕጉ ራሱ ቋንቋን የሚፈታበት ቦታ አለ። በ14ኛው ሌሊት ቤቱ በሻማ ብርሃን ተፈትሾ እርሾ ያለበት ሁሉ ከተለቀመ በኋላ የቤቱ ባለቤት ያላየሁት እርሾ ቢኖር እንደ ምድር ትቢያ ይቆጠር የሚል ቃል ይናገራል። ቃሉ በአራማይክ ነው የተጻፈው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የክራኮቭ ሊቅ የነበሩት ራቢ ሞሼ ኢሰርለስ ግን ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ሊለው እንደሚችል ጽፈዋል። የሚናገረው ሰው የሚለውን ካላወቀ እርሾውን በእርግጥ ትቷል ሊባል አይችልማ። በአማርኛ ማለት ይቻላል ማለት ነው።

የዚህን ጸሎት ጥንካሬ ያሳየው ግን የሱዳን መንገድ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ብዙ ሺህ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ኢየሩሳሌም እንገባለን ብለው ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ተነሱ። እንደ ኡም ረኩባ ባሉ የስደተኛ ካምፖች ማንነታቸውን መደበቅ ነበረባቸው። ጸሎት ቤት የለም፣ በግልጽ መዘመር የለም፣ በዓልን በአደባባይ ማክበር የለም። በረሃብ፣ በበሽታና በሽፍታ 4,000 ያህል ሰው በመንገድና በካምፕ አለቀ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ 8,000 ገደማ ሰዎች ወደ እስራኤል ተወሰዱ። እዚያ ካምፕ ውስጥ ከሥርዓቱ ሁሉ ተገፎ የቀረው ነገር፣ ልጇን አቅፋ በድንኳን ውስጥ የተቀመጠች እናት በሹክሹክታ የምትለው ነበር። ሁሉ ነገር ሲወሰድ እሱን የሚወስድ አልተገኘም። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ሲወጡ፣ አብዛኞቹ ከሁለት ወር በፊት የነበረውን ፋሲካ ያሳለፉት አገራቸውን ለቀው፣ አውሮፕላን መምጣት አለመምጣቱን ሳያውቁ፣ በአዲስ አበባ በኪራይ ቤት ሆነው ነው። በዚያ ዋዜማ ምን እንደለመኑ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ጎንደር ዛሬም ባዶ አይደለችም። ወደ እስራኤል ለመግባት የሚጠብቁ ቤተሰቦች በከተማዋ ምኩራብ ይሰበሰባሉ። ወንዶቹ ታሊት የሚባለውን የጸሎት መጎናጸፊያ ለብሰው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው በዕብራይስጥ ይጸልያሉ፤ ለፋሲካ ቂጣውን ራሳቸው ይጋግራሉ፣ ማታውን በጋራ ያከብራሉ። ብዙዎቹ ወላጅ፣ ልጅ ወይም ወንድም እስራኤል ውስጥ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ከ20 ዓመት በላይ ጠብቀዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከተማዋን የጦርነት ድምፅ ደጋግሞ ጎብኝቷታል። ዕብራይስጡ ሲያበቃ ከነጠላው ሥር የሚቀጥለው አማርኛ ነው፤ የሰው ስም እየጠራ የሚሄድ ልመና። ይህን በሐዘኔታ ብቻ እንድታዩት አልፈልግም። ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች እስከ እነሱ ያልተቋረጠ ነገር ነው።

ቤተ እስራኤል ካልሆናችሁም፣ ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ቤት ካደጋችሁም፣ ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ቡና ሲጠጣ፣ ልጅ ወደ ሩቅ አገር ሲሸኝ፣ ስልክ ሲዘጋ ሰምታችሁታል። እንደ አያት ወግ ብቻ አትስሙት።

አያታችሁ በሬሆቮትም ትኑር በሜሪላንድ፣ በሕይወት ካለች ከፋሲካ በፊት ባሉት ቀናት ወጥ ቤት ገብታችሁ አጠገቧ ቁሙ። ምን ትጸልያለሽ ብላችሁ አትጠይቋት፤ እኔ ጸሎት አላውቅም፣ ቄሱ ነው የሚያውቀው ትላችኋለች። ቂጣውን ስታገላብጪ እናትሽ ምን ትል ነበር በሏት። ማንን በስም ትጠራ እንደነበር፣ ወንዝ ስትወርድ ምን እንደምትል፣ ሱዳን ላይ ሌሊት ሌሊት ምን እንደለመነች ጠይቁ። የምትለውን በራሷ ቃል ጻፉት፤ ቃሏን አታሳምሩ፣ ወደ ዕብራይስጥም ወደ እንግሊዝኛም ለመገልበጥ አትቸኩሉ። ቀጥሎ የራሳችሁን ጨምሩ፤ አማርኛችሁ የተሰባበረ ቢሆንም፣ ሙሴን አምስት ቃል በቅቶታል።