የሰኔ ማኅበር

በሰኔ ወር ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የት እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። አህዮች የቆሙበት፣ ጋቢ የደረበ ገበሬ የተሰለፈበት ቆርቆሮ ቤት እሱ ነው። ውስጡ ዩሪያ ይሸታል። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት እየተቆጠረ ይወጣል፤ ሒሳብ ሠራተኛው ደረሰኝ ይቆርጣል። በጥር ግን ያው ቤት ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። የእነዚህ ማኅበራት ድካም ዋና ምክንያቱ እዚህ ላይ ነው እላለሁ።

በሕጉ ማኅበሩ የአባላቱ ነው። አባሉ መመዝገቢያ ከፍሎ ዕጣ ይገዛል፤ ዕጣው ቢበዛም ድምፁ አንድ ነው። ሥራ አመራሩንም ቁጥጥር ኮሚቴውንም የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። መሠረታዊ ማኅበራት ተሰባስበው ዩኒየን ያቆማሉ፤ የደብረ ማርቆሱ ጎዛምንና የፍኖተ ሰላሙ ዳሞት እንዲህ የተመሠረቱ ናቸው። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው ማዳበሪያ በዩኒየኑ በኩል ቀበሌ ይደርሳል። የገበሬው ጤፍና ስንዴም በዚያው መንገድ ተመልሶ ገበያ መውጣት ነበረበት።

የሚከብደው ይህ የመልስ ጉዞው ነው። ጤፉ ተወቅቶ ሳያልቅ ግብሩ፣ ብድሩ፣ የጥር ሠርጉ ይደርሳል። ነጋዴው ጥሬ ገንዘብ ይዞ አውድማ ድረስ ይመጣል፤ ማኅበሩ ግን እህል መግዣውን ብድር ከባንክ ይጠብቃል። ገንዘቡ ሲገኝ እህሉ ተሽጧል። ቢገኝም ዋጋ የሚቆርጠው የሥራ አመራር ኮሚቴው ነው፤ የኮሚቴው ሰዎች ደግሞ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ፣ በዚያው ሰሞን የራሳቸውን እህል የሚወቁ ገበሬዎች ናቸው። ተሰብስበው እስኪወስኑ ገበያው ይለወጣል።

ኦዲት ሲዘገይ ደግሞ ትርፉ አይታወቅም፤ ያልታወቀ ትርፍ አይከፋፈልም። ዓመት ጠብቆ ምንም ያላየ አባል ማኅበሩን የመንግሥት ማዳበሪያ ቤት ብሎ ይተወዋል። ይህን ስሜት ያመጣው ታሪክም ነው። በደርግ ጊዜ በደጀን በኩል የነበረው የየትኖራ አምራቾች ማኅበር በአርአያነት ይጠቀስ ነበር። ሆኖም በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ መበተን ሲፈቀድ፣ በአገሪቱ ያሉት አብዛኞቹ አምራች ማኅበራት በጥቂት ወራት ፈረሱ። በሬውንና መሬቱን ሳይወድ የቀላቀለ ሰው፣ ማኅበር የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

የጎጃም ገበሬ ግን መተባበር አላቃተውም። ወንፈል ይገባል፣ ደቦ ይጠራል፤ የእድሩን ገንዘብ ማን እንደያዘውና ስንት እንደደረሰ ያውቃል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ሒሳቡ እንዲሁ በዓይን ቢታይ፣ መጋዘኑም በጥር ቢከፈት ብዬ አጥብቄ እመኛለሁ።

ምክንያቱም መጋዘኑ በጥር ሲከፈት የሚሆነው ነገር ትልቅ ነው። ሚዛኑ በር ላይ ይወጣል። ገበሬው ጤፉን አስመዝኖ፣ ኪሎውን በልቡ ይዞ፣ የማኅበሩን ዋጋ ጠይቆ ጭነቱን መልሶ አህያው ላይ ይጭናል። ነጋዴው ዘንድ ሲደርስ ስንት ኪሎ እንደያዘ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ለማኅበሩ ባይሸጥም እንኳ፣ በዚያ ቀን ከማኅበሩ ያገኘው ጥቅም በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።