ብድሩ ከባንክ በፊት በቤት ይጽደቅ

በጎንደር ከተማ በደመወዝ የሚኖር ሰው የቤት ነገር ሲያነሳ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው ማኅበር ላይ ነው። በሊዝ ጨረታ ተወዳድሮ ቦታ መግዛት ከነርስና ከመምህር አቅም በላይ ሆኗል። የቀበሌ ቤት ያገኘ ይዞ ተቀምጧል። ያላገኘው ኪራይ በተጨመረበት ቁጥር ከአራዳ ወደ ማራኪ፣ ከማራኪ ወደ አዘዞ ዕቃውን ጭኖ ይዞራል። ስለዚህ ሰው ይደራጃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» ይባል የለ።

እኔ በዳባት፣ በደባርቅና በጎንደር በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በሥራ ላይ ሳለሁ 24 ጤና ባለሙያዎችና መምህራን ሆነን የቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበር ስንመሠርት ጸሐፊ አድርገው መረጡኝ፤ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ አልለቀቁኝም። ከአባሎቻችን ግማሹ ሥራቸው ደጋ ላይ ነበር። ከጃናሞራና ከበየዳ ለጠቅላላ ጉባኤ ሲመጡ መንገድ ላይ የሚያድሩም ነበሩ። ዛሬም ጎረቤት «ሲስተር፣ እስቲ ይህቺን ወረቀት እዩልኝ» እያለ ይመጣል። ከዚያ ሁሉ ወረቀት አንድ ነገር ተምሬያለሁ። የቤት ብድር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ባንክ ቤት ሳይሆን መኖሪያ ቤት ውስጥ፣ ባልና ሚስት ወይም ወላጅና ልጅ ሳይነጋገሩ ሲፈርሙ ነው።

የወላጆቻችን ማኅበርና የእኛ ማኅበር

ልጆች የማኅበር ወጪ ሲነግሯቸው «በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» የሚሉ ወላጆች እውነታቸውን ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ሊኖረው የሚችለው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ሆነ፤ በዝቅተኛ ዋጋ ይከራዩ የነበሩ ቤቶችም ለቀበሌ ተላለፉ። የራሱን ቤት መሥራት የፈለገ ደመወዝተኛ በማኅበር ሲደራጅ ቦታውን ያለ ሊዝ ያገኝ ነበር፤ የቤቶችና ቁጠባ ባንክም ለማኅበራት ከሌላው ባነሰ ወለድ ያበድር ነበር።

ያ ባንክ በኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ቦታም በሊዝ ሆነ። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የመኖሪያ ቦታ ሊዝ እስከ 99 ዓመት የሚደርስ ሲሆን፣ ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም። እንግዲህ የወላጆቻችን ማኅበርና የእኛ ማኅበር በስም ቢመሳሰሉም ሒሳባቸው ለየቅል ነው። ወላጅ ልጁን ከመውቀሱ በፊት፣ ልጅም የወላጁን ምክር እንዳለ ከመውሰዱ በፊት ይህን ልዩነት ማወቅ ይበጃል።

ፋይሉ ሦስት ቦታ ይጸድቃል

አንድ የማኅበር ቤት ፋይል በሦስት እጅ ያልፋል፤ ሦስቱም የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነው።

ማኅበሩና የሚያደራጀው መሥሪያ ቤት የሚጠይቁት «አንተ ማን ነህ?» ብለው ነው። የነዋሪነትና የሥራ ማስረጃ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ በራስም ሆነ በትዳር ጓደኛ ስም ቤት ወይም ቦታ አለመኖሩ ይጣራል። ቁጠባው በማኅበሩ ስም በዝግ ሂሳብ ይቀመጣል። ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚተዳደሩበት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የበላዩን ሥልጣን ለጠቅላላ ጉባኤው ይሰጣል፤ እያንዳንዱ አባልም አንድ ድምፅ አለው። ስለዚህ «ኮሚቴው ያውቃል» ብሎ መቅረት መብትን ማስረከብ ነው።

ከተማው የሚጠይቀው ስለ ቦታውና ስለ ሕንፃው ነው። የሊዝ ውሉ፣ ፕላኑ፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ የባለይዞታነት ማረጋገጫው ማለትም ካርታው እዚህ ያልቃሉ። በማኅበር የሚሠራ አፓርታማ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገረው በካርታው ነው። ካርታው በማኅበሩ ስም እስካለ ድረስ አንድ አባል የራሱን ቤት ብቻ ለይቶ ለባንክ ማስያዝ አይችልም። ሕንፃው በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ሲመዘገብ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ባለቤት ይኖረዋል፤ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢውና የውኃ መስመሩ ግን የሁሉም ሆነው ይቀራሉ። ቤቱን ስትገዙ የደረጃውንም ጥገና ገዝታችኋል ማለት ነው።

ባንኩ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ «ከምን ትከፍላለህ? ባትከፍል ምን እይዛለሁ?» ለመጀመሪያው የደመወዝ ማስረጃ፣ ሌላ ዕዳ ካለ ማሳወቂያና የዕድሜ ማስረጃ ያያል። ለሁለተኛው ካርታው ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑን ያስጠይቃል፤ መሐንዲስ ልኮም ቤቱን ያስገምታል። የባንኩ ግምትና የገበያው ዋጋ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ልዩነቱን የሚሞላው የተበዳሪው ኪስ ነው።

ሁሉ ተሟልቶም መዘግየት አለ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ገደቡ ወደ 18 በመቶ ከፍ ተደረገ። ለእኛ ማኅበር ብድር የፈቀደልን ባንክ የማጽደቂያ ደብዳቤውን ሰጥቶን ገንዘቡን ለመልቀቅ ወራት ወሰደበት። በዚያ መሐል ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። የፌሮ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ተለወጠ፤ ሥራ ተቋራጩም ዋጋ ይስተካከልልኝ አለ። የጸደቀ ብድርና እጅ የገባ ብድር አንድ አይደሉም። የሥራ ውል ሲፈረም የዋጋ ማስተካከያው እንዴት እንደሚሰላ በጽሑፍ ይግባ የምለው ለዚህ ነው።

ዕድሜና ወለድ

ወለድ ሲባል ሰው የሚሰማው መቶኛውን ነው። ወሳኙ ግን ዓመቱም ነው። ለምሳሌ 500 ሺህ ብር በ14 በመቶ ወለድ ተበደርን እንበል። የባንኮች ወለድ ይለያያል፤ ይህ ለማሳያ ነው።

በ20 ዓመት ለመክፈል ከተስማማን በየወሩ 6,218 ብር ገደማ እንከፍላለን። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 5,833 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 384 ብር ገደማ ብቻ ነው። ሃያው ዓመት ሲያልቅ በጠቅላላው የከፈልነው ወደ 1 ሚሊዮን 492 ሺህ ብር ይደርሳል። ያንኑ ብድር በ15 ዓመት ብንከፍለው ወርኃዊው 6,659 ብር ገደማ፣ ጠቅላላው 1 ሚሊዮን 199 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። በወር 441 ብር በመጨመር ወደ 294 ሺህ ብር ይተርፋል። የአቅም ጉዳይ ነው፤ ግን ስሌቱን ሳያዩ «ረጅሙን አድርጉልኝ» ማለት አይገባም። ተጨማሪ ገንዘብ ሲገኝ ቀድሞ መክፈል ይፈቀድ እንደሆነ፣ ቅጣት ይኑረው አይኑረውም ውሉ ላይ መታየት አለበት።

ወደ ጡረታ ለተጠጋ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት በመሆኑ ባንኩ የሚቆጥረው የቀሩትን የሥራ ዓመታት ነው። ያው 500 ሺህ ብር በስድስት ዓመት ይከፈል ቢባል በየወሩ 10,303 ብር ገደማ ይመጣል። እኔ በዚህ ምክንያት ብድር ውስጥ አልገባሁም፤ ድርሻዬን ከቁጠባዬና ልጆቼ ካገዙኝ ከፈልኩ። ሁሉም ሰው ግን ይህ አይኖረውም።

አባት፣ ሴት ልጅ፣ ወንድ ልጅ

ደባርቅ የሚሠራ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ አባላችን ባንክ ሲቀርብ 54 ዓመቱ ነበር። ወርኃዊ ክፍያው ከደመወዙ ጋር አልመጣጠን ሲል፣ ባንኩ ጎንደር የምታስተምረው ሴት ልጁ አብራው ተበዳሪ ብትሆን ዘመኑን እንደሚያራዝምለት ነገረው። ልጅቱ ሳታንገራግር እሺ አለች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ግን ሲሰማ ስልክ ደውሎ «አባዬ፣ ቤቱ ለእሷ ሊሆን ነው እንዴ?» አለ።

አባትየው ለሳምንታት ፋይሉን ይዞ ዝም አለ። በስብሰባ ላይ ስንጠይቀው «ወረቀት ጎድሎ ነው» ይለናል። በኋላ ለእኔ ለብቻዬ ሲያወራኝ ነው የቤተሰብ ነገር መሆኑን ያወቅሁት። ልጅቱም የምትፈራው ነበራት። ስሟ ብድር ውስጥ ከገባ ነገ የራሷን ቤት ስትፈልግ ይህ ዕዳ እንደሚቆጠርባት ገብቷታል፤ ለአባቷ ግን አልነገረችውም። እናት በመሐል ጨንቋታል።

መፍትሔው የመጣው አጎታቸው ሁሉንም በአንድ ቅዳሜ ሲያስቀምጣቸው ነው። የአባትና የእናት ቤት መሆኑ፣ ልጅቱ ከደመወዟ የምትከፍለው ሁሉ በደረሰኝ ተይዞ እንደሚታሰብላት፣ ወንድሟም በወር የሚችለውን እንደሚያግዝና እሱም እንደሚታሰብለት ተስማሙ። ስምምነቱን ጻፉት፣ በምስክር ፈረሙት፣ በሰነድ ማረጋገጫ አስመዘገቡት። በሚቀጥለው ሳምንት ፋይሉ ባንክ ገባ። ለወራት የቆመው ጉዳይ በአንድ ከሰዓት ንግግር ተፈታ። ከወረቀቱ በላይ ያስቸገረው ማንም ጥያቄውን ፊት ለፊት አለማንሳቱ ነበር።

ሕጉም ቢሆን ቤተሰቡን ይጠራል። በክልላችን የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 መሠረት የባልና ሚስት የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት ለዕዳ መያዣ አይሰጥም። «አንተ ታውቃለህ» ብላ የምትፈርም ሚስት ወይም «የቤቱን ነገር እሷ ታውቃለች» የሚል ባል የሚፈርመው በጋራ ንብረቱ ላይ ነው። ክፍያ ሲቋረጥ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 እና በማሻሻያው ቁጥር 216/1992 መሠረት ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ችግር የገጠመው ሰው ማስጠንቀቂያው እስኪደርሰው መደበቅ የለበትም። ገና አንድ ወር ሳያልፍ ባንኩ ዘንድ ሄዶ የክፍያው ዘመን እንዲስተካከልለት ይጠይቅ። በሽታ ሲጀምር የመጣና ሲብስ የመጣ ሕመምተኛ ዕድላቸው እኩል አይደለም።

ሞትንም እናንሳ

ስለ ሞት ማንሳት በእኛ ዘንድ ክፉ ምኞት ይመስላል። ነገር ግን ግንባታው ጣሪያ ሳይደርስ አንዲት ነርስ ባልደረባችን አረፈች። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል፤ ሁለት ልጆች ትታለች፤ ታናሹ ገና ተማሪ ነበር። መብቷም ግዴታዋም ወደ ልጆቹ ያልፋል። ግን የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት እስኪወጣ፣ ለታናሹም ሞግዚት እስኪሾም ክፍያው አይቆምም። ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ ስምንት ወር ሙሉ የእሷን መዋጮ 23ታችን እንድንሸፍን ወሰነ። ልጆቹ በኋላ መለሱት። ዛሬ በቤታቸው ይኖራሉ።

ይህ የሆነው የሰዉ ልብ ደግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በመተዳደሪያ ደንባችን አባል ሲሞት ምን እንደሚደረግ ቀድመን ስለጻፍን ነው። የእናንተ ደንብ ስለዚህ ምን ይላል? ባንኩ የተበዳሪ ሕይወት መድን የሚጠይቅ ከሆነ የሚሸፍነው ሙሉውን ዕዳ ነው ወይስ ከፊሉን? ዓረቦኑን የሚከፍለው ማነው? ጠይቁ። መጠየቅ ሟርት አይደለም።

ከመፈረም በፊት

ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምለው ይህን ነው። ወደ ባንክ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን ዝጉና ቤተሰቡ አንድ ላይ ይቀመጥ። የሁሉም ገቢና ያለበት ዕዳ፣ የዕቁቡና የዕድሩም ጭምር፣ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ወርኃዊ ክፍያው ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ለጤፍ፣ ለትምህርት ቤትና ለሕክምና ይበቃል ወይ? ከደመወዝተኞቹ አንዱ ቢታመም ማን ይተካል? ካርታው በማን ስም ይወጣል? ካገዙት ልጆች የእያንዳንዱ ድርሻ የት ተጽፏል? ደጋ የምትሠሩ ደግሞ በመንገድ ምክንያት ስብሰባ ስትቀሩ ማን እንደሚወክላችሁ በጽሑፍ ስጡ፤ የውሳኔውን ቃለ ጉባኤ ቅጂም አስመጡ።

የደረሰኝ፣ የሊዝ ክፍያ፣ የቃለ ጉባኤና የብድር ውል ቅጂ ሁሉ በአንድ ፋይል ይቀመጥ፤ ከአባወራው ወይም ከእማወራዋ ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው ቦታውን ይወቅ። ከዚያ በኋላ ባንኩ የሚጠይቃችሁ ጥያቄ አዲስ አይሆንባችሁም። መልሱን እቤት ተነጋግራችሁበት ነው የምትሄዱት።