አርትዖትና ልዩ ልዩ ጠባዩ

«አርትዖት» የሚለው ቃል ዛሬ በየማተሚያ ቤቱና በየጋዜጣ ዝግጅት ክፍሉ እንደ ዘበት ቢነገርም ሥሩ ግእዝ ነው፤ «ረትዐ» ቀና፥ «አርትዐ» አቀና ማለት ሲሆን፥ ርቱዕ ያልነው መንገድም ሆነ ሃይማኖት ያልጎበጠ መሆኑን እየመሰከርን ነው። እንግዲህ አርታዒ አቃኚ ነው፤ በገና የሚቃኝ ሰው አውታሩን ሲያጠብቅና ሲያላላ ዜማውን የራሱ እንደማያደርገው ሁሉ፥ አርታዒም የሌላውን ቃል ያቃናል እንጂ በሌላው አፍ የራሱን አይናገርም። በእኛ ዘንድ ግን አርትዖት ሲባል የፊደል ስሕተት መልቀምና ነጠላ ሰረዝ ማኖር ብቻ ስለሚመስለን፥ ሥርዓተ ነጥቡ ያማረ፥ አጥንቱ ግን የተወላገደ መጽሐፍ በየዓመቱ እናወጣለን።

ድሬዳዋ ለመጽሐፍ ማቃናት ሥራ ባዕድ አይደለችም። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ከተማይቱን ከወለዳት ወዲህ፥ የካፑቺን ሚሲዮናውያን በሐረር ከለምጽ ሕሙማን መጠለያቸው ጋር ያቋቋሙት የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ወደዚሁ ተዛወረ፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም ከኢየሩሳሌም ተመልሰው በዚችው ከተማ ሲቀመጡ መጽሐፈ ሕዝቅኤልን ከነትርጓሜው በ1916 ዓ.ም. አሳተሙ። በእጃቸው ግን ከዚህ የሚከብድ አደራ ነበረ፤ መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረው ሳይፈጽሙት የቀሩት የግእዝ መዝገበ ቃላት ነው። ኪዳነ ወልድ ይህንን ሲያሰፉ፥ ሲለቅሙና ሲያቃኑ ዕድሜያቸውን ፈጅተው፥ በተራቸው በድሬዳዋ አብረዋቸው ለደከሙት ደቀ መዝሙር፥ ኋላ አለቃ ለተባሉት ለደስታ ተክለ ወልድ አስተላለፉት።

የአርትዖትን ጠባይ ለመለየት ግን ከሊቃውንቱ ማዕርግ ወረድ ብለን ቀለል ያለ ምሳሌ እንያዝ። ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች አንዲቱ በሆነችው በቢዮ አዋሌ የሚያስተምር አንድ መምህር፥ የአገሩን ነገር በ200 ገጽ ጽፎ ወደ አርታዒ አመጣ እንበል።

የመጀመሪያው አንባቢ ቀይ ብርዕ አይዝም። ድርሰቱን ከዳር እስከ ዳር ካነበበ በኋላ «ይህ መጽሐፍ ለማን ተጻፈ? ምንስ ሊል ፈልጎ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ ከአዳም ጀምሮ፥ ነገሥታቱን ቆጥሮ፥ ስለ ባቡሩም ሃያ ገጽ ሰጥቶ፥ የቀበሌው ሰው ቀን ከሌት የሚያስበውን የውኃ ነገር 140ኛው ገጽ ላይ ቢያመጣው፥ ይህ አርታዒ «ውኃው ይቅደም፤ ነገሥታቱ ይጠሩ፤ ባቡሩም ወደ ቢዮ አዋሌ የሚያመጣው ነገር ካለ ይግባ፥ ከሌለ ይውጣ» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ድርሰቱን ይመልስለታል። የመዋቅርና የይዘት አርትዖት የሚባለው ይኸው ነው። ለደራሲው ከሁሉ የሚመረው እርሱ ነው፤ እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ የሚጠቅመውም እርሱ ነው፤ በእኛ አገር ግን ዋጋ ከፍሎ የሚፈልገው ጥቂት ሰው ነው።

ድርሰቱ ቅርጹን ይዞ ሲመለስ የቋንቋው አርታዒ ይቀበለዋል። ይህኛው ዓረፍተ ነገሩን አንድ በአንድ እየፈታ ይሄዳል፤ «ውኃ የመቅዳቱ ተግባር በእናቶች አማካይነት በመከናወን ላይ ይገኛል» የሚለውን ሲያገኝ «ውኃ የሚቀዱት እናቶች ናቸው» ብሎ ያሳርፈዋል። ሥልጣኑ ግን ወሰን አለው፤ መምህሩ በድሬዳዋ ሰው ልማድ ሽማግሌውን «አቦ» ሲያሰኛቸው፥ አርታዒው የአዲስ አበባን ወግ ብቻ አውቆ «ወንድሜ ሆይ» ቢያደርገው አቃና አይባልም፤ አጎበጠ እንጂ።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ፊደልን፥ ስምንና ቁጥርን የሚመለከተው ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብቆይ አንባቢ አይፍረድብኝ። የቀበሌይቱ ስም አንድ ገጽ ላይ «ቢዮ አዋሌ»፥ ሌላው ላይ «ብዮ አዋለ»፥ ሌላው ላይ ተገጥሞ «ቢዮአዋሌ» ቢሆን፥ አርታዒው አንዱን መርጦ በወረቀት ጽፎ በጠረጴዛው ላይ ያኖራል፤ እስከ መጨረሻውም በዚያ ይጸናል። መምህሩ የስሙን ትርጓሜ ሊሰጥ ቢነሣ ደግሞ፥ «ቢዮ» ለሶማልኛ ተናጋሪ ውኃ፥ ለኦሮምኛ ተናጋሪ አፈር ሆኖ ስለሚሰማ፥ አርታዒው «የትኛውን ይዘህ ነው? ከማንስ ሰማኸው?» ማለት ይገባዋል። ግእዙም እንዲሁ ነው፤ በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ያለው ፀሐይ ወጣች ሊል ነው፤ በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ካለ ግን ፀሐይቱን ሌባ አደረጋት።

ቁጥሩ ከፊደሉ ይብሳል። ድሬዳዋን የመታው ታላቁ ጎርፍ የወረደው በፈረንጆች 2006 በነሐሴያቸው መባቻ ነው፤ መምህሩ ሰባት ቀንሶ 1999 ዓ.ም. ብሎ ቢጽፍ ስሌቱ ትክክል ይመስላል። ዳሩ ግን ከጥር እስከ ጳጉሜን የሚቀነሰው ስምንት ስለሆነ፥ ጎርፉ የደረሰው በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ማለቂያ ነው። አርታዒው ይህን ካላየ፥ በዚያች ሌሊት ዘመድ የሞተበት አንባቢ መጽሐፉን እዚያው ላይ ይዘጋዋል፤ የቀረውንም አያምንም።

የመጨረሻው የእርማት ንባብ ነው። በብራና ዘመን ጸሐፊው የጨረሰውን ሌላው እያነበበ ከዋናው ጋር ያስተያየው ነበር፤ የተሳተው በስለት ተፍቆ እንደገና ይጻፋል፤ የተዘለለውም በመስመሮች መካከል ወይም በኅዳጉ ይገባል። በማተሚያ ቤት ይህ ሥራ የሚጀመረው ጽሑፉ ተተይቦ ገጹ ከተበጀ በኋላ ብቻ ስለሆነ፥ በዚያ ሰዓት ምዕራፍ ላዛውር የሚል ደራሲ ገንዘቡን በእሳት እንደሚያቃጥል ይቈጠራል።

እኔ ራሴ በወጣትነቴ፥ ስሙን በማልጠራው አንድ ማተሚያ ቤት፥ አንድ ሹም አዲሱን ወፍጮ ቤት «መረቁ» ብዬ የጻፍሁት «ሰረቁ» ሆኖ ሲመጣልኝ ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለት ጊዜ አሳልፌው ነበር፤ ዓይኔ የሚያነበው ወረቀቱን ሳይሆን አሳቤን ነበርና። ያዳነኝ ድርሰቱን ጨርሶ የማያውቀው ፊደል ለቃሚ ነው፤ ጣቱን ከቃሉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የራሴን ጽሑፍ እርማት ለራሴ ትቼ አላውቅም።

ስለዚህ የተጻፈ ነገር ይዛችሁ ወደ አርታዒ የምትሄዱ ሁሉ፥ «እየው እስቲ» ብቻ ብላችሁ አትስጡ፤ አጥንቱን ነው፥ ዓረፍተ ነገሩን ነው፥ ወይስ ፊደሉን የምታሳዩት? አስቀድማችሁ ተስማሙ።

በመጀመሪያ ያነሣሁት የአለቃ ኪዳነ ወልድ መዝገበ ቃላትም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተላለፈ የተቃና መጽሐፍ ነው። እርሳቸው በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ፤ አለቃ ደስታ ሥራውን ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያወጡት ከዚያ በኋላ፥ በ1962 ዓ.ም. ነው። የግእዙ መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚጠራው በኪዳነ ወልድ ክፍሌ ስም ነው።