ቀድሞ የደረሰውን ሱፍ አትብሉት!

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሱፍ አበባ ነው።

አምና የጓሯችን ሱፍ ቁመቱ ከአባዬ ይበልጥ ነበር። ዝናቡ ግን ዘግይቶ ጀመረ፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ቀጥ አለ። ስንወቃው አብዛኛው ፍሬ ባዶ ገለባ ሆነብን። እማዬ «ለጾም ሱፍ ልንገዛ ነው» ብላ አዘነች።

የሳይንስ መምህራችንን ምክንያቱን ጠየቅኳቸው። ሱፍ አበባ ውሃ አጥብቆ የሚፈልገው ሲያብብና ፍሬው ሲሞላ ነው። እንደ ዘሩ ዓይነት ለመድረስ 3 ወር ገደማ የሚበቃው አለ፤ ከ4 ወር በላይ የሚፈጅም አለ። ዝናቡ ካጠረ የሚዘገየው ፍሬው ሳይሞላ ውሃ ያልቅበታል። «በአንድ ማሳ ላይ እንኳ ሁሉም እኩል አይደርስም። የቀደመውን ለዘር አስቀምጡ» አሉኝ።

እውነትም አምና አምስት እግር ሱፍ ቀድመው አብበው፣ ፍሬያቸውም ሞልቶ ነበር። የት ሄዱ? እኔና ወንድሜ ቆልተን በላናቸው! ለካ በየዓመቱ ቀድሞ የደረሰውን እንበላለን፣ ዘግይቶ የቀረውን እንዘራለን። ሳናውቀው የሚዘገይ ዘር እየመረጥን ነበር ማለት ነው።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው፦

1. ቀድመው ያበቡትን ቀይ ክር እናስርባቸዋለን። ንቦች ከአበባ ወደ አበባ ስለሚሄዱ፣ አብረው ያበቡት እርስ በርስ ይዳቀላሉ።
2. አበባው ሲረግፍ፣ ወፍ እንዳይጨርሰው በጨርቅ እንሸፍነዋለን።
3. ከነዚህ ውስጥ ፍሬያቸው የሞላውን መርጠን ዘራቸውን እንቀላቅላለን። ከአንድ እግር ብቻ ከወሰድን ዘሩ እየደከመ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቀድሞ የሚደርስ ሱፍ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ፍሬውም ያንሳል። ዝናብ ጥሩ በሆነበት ዓመት የሚዘገየው ሊበልጠው ይችላል። ለዚህ ነው አባዬ «ግማሹን ከድሮው እንዘራለን» ያለው።

ደግሞም አንድ ዓመት አይበቃም። በሩሲያ ክራስኖዳር ፑስቶቮይት የሚባል ሳይንቲስት ለብዙ ዓመታት ዘር እየመረጠ፣ የሱፍን ዘይት ከ100 እጅ 30 ገደማ ከነበረበት ወደ 50 አድርሶታል። እሱ ዘይት መረጠ፤ እኛ ፍጥነት እንመርጣለን።

ዘንድሮ 14 እግር ላይ ቀይ ክር አስሬያለሁ። ወንድሜ በየቀኑ ይቆጥራቸዋል፤ እኔ ደግሞ ወንድሜን እጠብቃለሁ! እናንተም ቆልታችሁ ከመብላታችሁ በፊት እስቲ ጓሯችሁን እዩ።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል