«ማጣሪያ» ወይስ «ኖራ መቀነሻ»? ስለ አንድ የቤት ውስጥ መሣሪያ ስያሜ

በሳሙና ሲታጠቡበት አረፋ በማውጣት ፈንታ ዝቃጭ የሚሠራ፣ በማንቆርቆሪያም ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ አለ። ይህን ጠባይ የሚያስወግደው የቤት ውስጥ መሣሪያ በአማርኛ «የውሃ ማጣሪያ» ሲባል ይሰማል። ይህ ስያሜ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ሊያስከትል እንደሚችል ለመረዳት አስቀድሞ የመሣሪያውን አሠራር መመርመር ያሻል።

የጠባዩ መነሻ ውሃው በመሬት ውስጥ ሲያልፍ የሚያሟሟቸው የካልሲየምና የማግኒዚየም ጨዎች ናቸው። በሰሜን ሸዋ የደብረ ብርሃንና የአንኮበር ደጋ በአብዛኛው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ሲሆን፣ በጀማ ወንዝ ሸለቆ ግን የኖራ ድንጋይ ንብርብር ተገልጦ ይታያል። ስለሆነም የአንዱ ስፍራ ውሃ ከሌላው ቢለይ አያስደንቅም። ከጨዎቹ ከፊሉ ውሃው ሲፈላ ይዘቅጣል፤ የማንቆርቆሪያው ቅርፊት ይኸው ነው። በሰልፌት መልክ ያሉት ግን በማፍላት አይወገዱም።

የመሣሪያው ዋና ክፍል ሶዲየም በያዙ ጥቃቅን የሙጫ እንክብሎች የተሞላ ዕቃ ነው። ውሃው ሲያልፍባቸው እንክብሎቹ አንድ የካልሲየም አዮን ተቀብለው ሁለት የሶዲየም አዮኖች ይለቃሉ፤ የካልሲየም አዮን ሙል የሶዲየም እጥፍ ነውና። እንክብሎቹ በካልሲየም ሲሞሉ በውሃ የተበጠበጠ ጨው ይለቀቅባቸዋል፤ የሶዲየሙም ብዛት ካልሲየሙን አስለቅቆ ወደ ፍሳሽ ይሰደዋል። እንግዲህ ሥራው ማጣራት ሳይሆን ልውውጥ ነው። ከአንኮበር ግርጌ በዓልዩ አምባ ገበያ ከቆላ የመጣው ጨው በደጋው ምርት ይለወጥ እንደ ነበረ፣ እዚህም የሚቀበል ሁሉ ይሰጣል።

«ማጣሪያ» የሚለው ስም ጉድፍን ማስቀረትንና ውሃን ማጥራትን ያመለክታል። ስሙን የሰማ ሰው ያላንዳች ሥጋት ሊጠጣው የሚችል ውሃ ይጠብቃል። መሣሪያው ግን ተሐዋስያንን አይገድልም። ከዚህም በላይ፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ ከአንድ ሊትር ውሃ 100 ሚሊግራም ሲያስወግድ በምትኩ 46 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ይጨምራል። ጨው እንዲቀንስ በሐኪም የታዘዘ የደም ግፊት ሕመምተኛ ይህን ከስሙ ሊገምት አይችልም።

ለውሃው ራሱ የሚሰጡት ስሞችም እንከን አላቸው። «ከባድ ውሃ» በፊዚክስ የተለየ ሃይድሮጅን ያለበት ውሃ ስም ነው። «ጠጣር» ከፈሳሽና ከጋዝ ጋር የቁስ ሁኔታ መጠሪያ ስለሆነ «ጠጣር ውሃ» በረዶን ያስመስላል። «ለስላሳ» የሚለውም በደብረ ብርሃን ሱቅ ቢጠየቅ የሚያስቀርበው ጠርሙስ ነው።

ስለዚህ «ጨዋማ» ከ«ጨው» እንደ ወጣ ሁሉ ከ«ኖራ» «ኖራማ ውሃ»፣ ለመሣሪያውም «ኖራ መቀነሻ» እንዲባል ሐሳብ አቀርባለሁ። ማግኒዚየም ተዘለለ፣ ቃሉም ከ«የኖራ ውሃ» ጋር ይቀራረባል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ሆኖም ስያሜ የነገሩን ሁሉ ዝርዝር እንዲሸከም አይጠበቅም፤ ተጠቃሚውን እንዳያሳስት ግን ግዴታ አለበት። «ኖራ መቀነሻ» የሚለው መሣሪያው የሚሠራውን ይናገራል፤ የማይሠራውንም ተስፋ አይሰጥም።